ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳይስቱ፤ ድሮን ለመግዛት ለሚያስቡ ቤተሰቦች

በዚህ ሳምንት የቤተሰብ ዓምዳችን የምናነሣው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት የልጆች መጫወቻ ነገር ይመስላል። ይሁንና ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከሥሩ ስንመረምረው የቤተሰብን ጥሪት፣ የጎረቤትን ሰላም፣ አልፎም የሰውን ሕይወት የሚነካ ሆኖ አግኝተነዋል። ጉዳዩ ካሜራ ተሸክማ የምትበር፣ ታጥፋ በእጅ ቦርሳ የምትገባ፣ በሕዝቡ አፍ ድሮን ስለምትባለው ትንሽ ሰው አልባ በራሪ ነው። ለጦር ሜዳ ስለተሠራችው አንናገርም። የምንናገረው የሰርግ ፎቶ ለማንሣት፣ የትውልድ መንደርን ከላይ ለማየት ወይም መብረርን ከመውደድ ብቻ ሰዎች በገንዘባቸው ስለሚገዟት ነው።

ዛሬ ይህን ማንሣት ለምን አስፈለገ? በየቤቱ ዱባይ ወይም ሪያድ፣ ዋሽንግተን ወይም ሚላኖ ያለ ወንድም፣ እኅት ወይም አጎት አለ። ወደ ሀገር ቤት ሲመጣም ምን ይዤ ልምጣ ብሎ ይጠይቃል። ቀድሞ መልሱ ጫማ፣ ሰዓት ወይም ስልክ ነበር። አሁን ግን አንዳንዱ ወጣት ድሮን ይላል። ላኪውም በፍቅር ይገዛል፤ ተቀባዩም በጉጉት ይጠብቃል። በመካከል ግን ሁለቱም ያልጠየቁት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ሕጉ ነው።

የጀሪፉ ወጣት

ካርቱምን የሚያውቁ ጀሪፍን ያውቃሉ። ከሀገራችን ተነሥቶ የሚወርደው ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር ሊገናኝ ጥቂት ሲቀረው በመካከሉ የሚያልፍበት ሠፈር ነው፤ በአንዱ ዳር ጀሪፍ ምዕራብ፣ በሌላው ዳር ጀሪፍ ምሥራቅ ይባላል። በወንዙ ዳርቻ ከደለሉ ጭቃ ጡብ የሚሠሩና የሚያቃጥሉ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ይኖሩበት ነበር። ከጦርነቱ በፊት በነበሩት ዓመታት ደግሞ ጀሪፍ የብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን መኖሪያ ሆኖ ነበር። ቡና የምታፈላው፣ እንጀራ የምትጋግረው፣ በሰው ቤት የምትሠራው፣ ሱቅ የሚጠብቀው ሁሉ እዚያ ተሰባስቦ ይኖር ነበር።

እዚህ ላይ የአንድ ወጣት ታሪክ እንተርካለን። ወጣቱ በእርግጥ አንድ ሰው አይደለም፤ ከሱዳን በመተማ በኩል ከተመለሱት ከብዙዎቹ ኑሮ አዋጥተን የሳልነው ነውና ስም አንሰጠውም። ይህ ወጣት በሥራ ቀን ሱቅ ይጠብቃል፤ በዓርብ ደግሞ በወገኖቹ ሰርግና ክርስትና ላይ ፎቶ ያነሣል። አንድ ቀን ከሰማይ የተነሣ የሰርግ ቪዲዮ በስልኩ ያያል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቡ በድሮን ተያዘ። የስንት ወር ምሳውን እየቀነሰ ገንዘብ አጠራቅሞ፣ አንዲት ያገለገለች ድሮን ከእጅ ወደ እጅ ገዛ።

ሲገዛ ብዙ ጥያቄ ጠይቋል። ካሜራዋ ጥራቱ እንዴት ነው? በአንድ ባትሪ ስንት ደቂቃ ትበራለች? ሽክርክሪቷ ቢሰበር መለወጫ ይገኛል? እነዚህ ሁሉ ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። ሳይጠይቅ የቀረው ግን ሦስት ነገር ነበር፤ የማብረር ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው? ድንበር ብሻገር ምን ይገጥመኛል? ጊዜ ቢለወጥ ይህች ዕቃ በእጄ መገኘቷ ምን ያስከትልብኛል?

ጊዜው ተለወጠ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ጦርነት ተቀሰቀሰ፤ ካርቱምም የውጊያ ሜዳ ሆነች። ለፎቶ የተሠሩ ትናንሽ ድሮኖች ፈንጂ እንዲጥሉ ተደርገው ሥራ ላይ ዋሉ። በዚያው ዓመት ጳጉሜን 5 ቀን በደቡባዊ ካርቱም በሚገኝ ገበያ ላይ በድሮን ተፈጽሟል በተባለ ጥቃት ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከተማይቱን ለቅቆ የሚወጣው ሕዝብ በየኬላው ይፈተሽ ነበር፤ ቦርሳው ይበረበራል፣ ስልኩ ይታያል፣ ፎቶው አንድ በአንድ ይመረመራል።

ወጣታችን ልብሱን ሲሸክፍ ያቺን የላቡን ዋጋ በእጁ ይዞ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ትናንት የሰርግ ፎቶ ማንሻ የነበረችው ዛሬ በአንድ ታጣቂ እጅ ብትገባ የስለላ ማስረጃ ናት። ከላይ ያነሣቸው የወንዙና የድልድዩ ሥዕሎችም በማስታወሻ ካርዷ ላይ አሉ። እርሱ ስለ ውበቱ ያነሣውን ድልድይ ሌላው ስለ ምን እንዳነሣው ሊጠይቀው ይችላል። ስለዚህ ካርዱን ሰብሮ ጣለ፤ ድሮኗንም ከተከራየበት ክፍል ትቷት ወጣ። ሕይወቱንም ይዞ ሀገሩ ገባ።

እነሆ፣ አሁን ባሕረ ሰላጤ ያለ ዘመዱ አዲስ ድሮን ልላክልህ ይለዋል። ይቀበል? ወይስ ይቅር? እንግዲህ የዛሬው ጽሑፋችን ለዚህ ጥያቄ መልስ መፈለግ ነው።

የ249 ግራም ምሥጢር

የድሮንን ገበያ የሚያስተውል ሰው አንድ እንግዳ ቁጥር ደጋግሞ ያያል፤ 249 ግራም። በዓለም ላይ በብዛት የሚሸጡት የካሜራ ድሮኖች ብዙዎቹ ይህን ያህል ይመዝናሉ። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ከግማሽ ፓውንድ ጥቂት የሚበልጥ፣ ማለትም ከ250 ግራም በላይ የሚመዝን ድሮን ያለው ሁሉ እንዲመዘገብ አዘዘ። ወሰኑ የተመረጠው ድሮኗ ከሰማይ ብትወድቅ በሰው ላይ የምታደርሰው ጉዳት ምን ያህል እንደሆነ በስሌት ተገምቶ ነው። ቻይናም እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2017 ጀምሮ 250 ግራምንና ከዚያ በላይ የሚመዝኑትን ባለቤቶች በእውነተኛ ስማቸው መመዝገብ ጀመረች።

ፋብሪካዎቹ ሕጉን አንብበው ዕቃቸውን በሕጉ ልክ ሰፉ። የቻይናው ዲጄአይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ማቪክ ሚኒ የተባለችውን 249 ግራም የምትመዝን ድሮን አወጣ። በአንድ ግራም ልዩነት ምዝገባው ቀረ፤ በመዝናኛ ለሚያበሩ ሰዎች ይህ ትልቅ መስሕብ ሆነ። በጃፓን ደግሞ በዚያን ጊዜ የሕጉ ወሰን 200 ግራም ስለነበረ፣ ለዚያ ሀገር ብቻ 199 ግራም የምትመዝን ተሠራች። ግራሙን ለመቀነስ ባትሪዋን አሳነሱት፤ ስለዚህ ሌላው ዓለም የገዛት ማቪክ ሚኒ 30 ደቂቃ ስትበር የጃፓኗ የምትበረው 18 ደቂቃ ብቻ ነበር። ገዢው ሃምሳ ግራም ለመሸሽ አሥራ ሁለት ደቂቃ ከፈለ ማለት ነው።

ከዚህ የምንማረው ገዢ ዕቃ ሲመርጥ ሕጉም አብሮት እየመረጠ መሆኑን ነው። ከሱቅ መደርደሪያ ላይ የትኛዋ ድሮን እንደምትቀመጥ፣ የትኛዋ ርካሽ እንደምትሆን፣ የትኛዋ ያገለገለች ተብላ በግማሽ ዋጋ እንደምትሸጥ የሚወስነው ብዙውን ጊዜ ሕጉ ነው። በጣም ርካሽ ሆና የቀረበች ድሮን ያየ ሰው እሰየው ከማለቱ በፊት ለምን ረከሰች ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

ሕግ ሲለወጥ ገዢ ሲያዝን

ወሰኑን ተጠግቶ የገዛ ሰው ወሰኑ ሲንቀሳቀስ ወድቆ ይገኛል። ጃፓን እ.ኤ.አ. ሰኔ 20 ቀን 2022 የምዝገባውን ወሰን ወደ 100 ግራም አወረደች። ያቺ በአሥራ ሁለት ደቂቃ መሥዋዕትነት የተገዛች ባለ 199 ግራም ድሮን በአንድ ቀን ጥቅሟን አጣች። ብሪታንያም እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ 100 ግራምና ከዚያ በላይ የምትመዝን ድሮን የሚያበር ሁሉ ፈተና አልፎ የአብራሪ መለያ ቁጥር እንዲይዝ አስገድዳለች።

በአውሮፓ ኅብረት የሆነው ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 የመጨረሻ ቀን ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የጋራ ደንብ ድሮኖችን በደረጃ ከፋፍሎ በእያንዳንዷ ላይ የደረጃ ምልክት እንዲለጠፍ አደረገ። የሽግግሩ ጊዜ ሲያልቅ፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 መግቢያ ጀምሮ፣ ምልክት የሌላቸውና 250 ግራምና ከዚያ በላይ የሚመዝኑ የቀድሞ ድሮኖች ከመኖሪያ፣ ከንግድና ከመዝናኛ ሥፍራ ቢያንስ 150 ሜትር ርቀው ሰው በሌለበት እንዲበሩ ተወሰነባቸው። ስለዚህ ብዙ ሰው የድሮ ድሮኑን መሸጥ ጀመረ። ከሮም ወይም ከፍራንክፈርት ያገለገለች ድሮን በርካሽ አገኘሁ የሚል ዘመድ ያለው ቤተሰብ ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ከዚህም በላይ በዚያው ደንብ፣ አሻንጉሊት ካልሆነች በቀር፣ ካሜራ የተሸከመች ድሮን ከ250 ግራም ብታንስም ባለቤቷ መመዝገብ አለበት። ቀላል ናትና ሕግ አይነካትም የሚለው ወሬ በየሀገሩ እውነት አይደለም።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2023 ጀምሮ የተመዘገበች ድሮን ሁሉ በበረራ ላይ ሳለች ማንነቷንና ያለችበትን ቦታ፣ የአብራሪዋንም ቦታ ጭምር በሬዲዮ ሞገድ እንድታሰራጭ ግዴታ ሆነ፤ ቁጥጥሩም እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2024 ወዲህ ጠበቀ። ይህ መሣሪያ የሌላት አሮጌ ድሮን ያለው ሰው ተጨማሪ ማሰራጫ መግዛት ወይም ድሮኗን መተው ነበረበት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2025 ደግሞ የዚያው ሀገር የመገናኛ ኮሚሽን በውጭ ሀገር የሚሠሩ አዳዲስ የድሮን ሞዴሎች ለሽያጭ የሚያበቃቸውን ፈቃድ እንዳያገኙ የሚያደርግ ውሳኔ አሳለፈ። ቀድሞ የተፈቀዱት ከመብረር አልተከለከሉም። ሆኖም ገዢው ነገ መለዋወጫ አገኝ ይሆን ብሎ እንዲያስብ አደረገው።

አንድ ጥቃቅን የሚመስል ነገር እንጨምር። 249 ግራም ተብላ የተሸጠች ድሮን 249 ግራም የምትሆነው ከራሷ መደበኛ ባትሪ ጋር ነው። ረዘም ላለ ጊዜ የሚያበር ትልቅ ባትሪ የገጠመላት ሰው ክብደቷን ወደ 290 ግራም አካባቢ ያደርሰዋል። ያን ጊዜ የገዛበት ምክንያት በራሱ እጅ ፈረሰ።

በጎረቤቶቻችን ዘንድ

ወደ አፍሪካችን እንመለስ። ግብፅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው ሕግ ከመከላከያ ሚኒስቴር ፈቃድ ውጭ ድሮን ማስገባትን፣ መሥራትን፣ መያዝን፣ ማብረርንም ከልክላለች። ልብ በሉ፤ ክልከላው ማብረር ብቻ አይደለም፣ መያዝም ጭምር ነው። ሞሮኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ያለ ፈቃድ ማስገባትን አገደች። ኬንያ በበኩሏ ለረጅም ጊዜ ዘግታ ከቆየች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 ደንብ አውጥታ በምዝገባና በፈቃድ በሩን ከፈተች። እንግዲህ በአንዱ ሀገር በገበያ በነፃነት የሚሸጥ ዕቃ በሌላው ሀገር የወንጀል ማስረጃ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በካይሮ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ ለመድረሻው ብቻ ሳይሆን ለመተላለፊያው ሀገር ሕግም መጨነቅ አለበት።

በሀገራችን ያለው ሥርዓት

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። በኢትዮጵያ ድሮን ለማስገባትና ለመጠቀም ፈቃድ የሚጠየቀው ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ሲሆን፣ የአየር ክልሉ ደኅንነት ደግሞ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ኃላፊነት ነው። አስቀድሞ ፈቃድ ሳያገኝ ድሮን ይዞ ቦሌ የደረሰ መንገደኛ ዕቃው በጉምሩክ ይያዝበታል። የውጭ ሀገር ጎብኚ ከሆነ በአብዛኛው ሲመለስ ይረከባል። ለወንድሙ ስጦታ ብሎ ያመጣ ግን ስጦታው ከወንድሙ እጅ ሳይደርስ ይቀራል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ የ249 ግራሙ ጥበብ ዋጋ የለውም። ቀላል መሆኗ ፈቃድን አይተካም፤ ካሜራዋ ከከባዷ ካሜራ እኩል ያያልና። ስለዚህ በባሕር ማዶ ያለ ሻጭ ይህች ምዝገባ አያስፈልጋትም ብሎ የሚናገረው ለራሱ ሀገር እንጂ ለእኛ አይደለም። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዘመድ በሚኖርበት ሀገር ያለውን ሕግ ጠይቆ ይገዛል፤ ዕቃዋ የምትበርበትን ሀገር ሕግ ግን አይጠይቅም።

እውነቱን ለመናገር ይህ ጥብቅ ሥርዓት መብረርን ለሚወዱ ወጣቶቻችን ቀላል ሸክም አይደለም። እኛም ይህን አንክድም። ካሜራ ይዞ ሰማይ ላይ መውጣት ዛሬ በዓለም ላይ ሙያ ነው፤ ሰብል ይታይበታል፣ መሬት ይለካበታል፣ ፊልም ይሠራበታል። ፈቃዱ በሚዘገይበት ወይም መንገዱ ግልጽ በማይሆንበት ጊዜ አንዳንዱ ተስፋ ይቆርጣል፤ ሌላው ደግሞ ድሮኗን ፈታትቶ በልብስ መካከል ደብቆ ለማስገባት ይፈተናል። ይህ ሁለተኛው መንገድ ግን ከሁሉ የከፋው ነው። ተደብቃ የገባች ድሮን ከቶ ሕጋዊ ሆና አትበርም፤ ብትሰበር በግልጽ አትጠገንም፤ ብትጠፋ አይመለከቱላችሁም፤ ከሁሉም በላይ አደጋ ብታደርስ ባለቤቷ ማመልከቻ የሚያስገባበት በር የለውም። በሕጋዊ መንገድ መብረር የሚፈልጉ ወጣቶች ተደራጅተው ጥያቄያቸውን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ቢያቀርቡ ግን የሚሻል መንገድ ይገኛል። የኬንያም ምሳሌ የሚያሳየው የተዘጋ በር በደንብ ሊከፈት እንደሚችል ነው።

ሰማዩን የሚፈሩ ጆሮዎች

ሕጉ ለምን ጠበቀ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከሕጉ አንቀጽ ይልቅ የሰውን ልብ ቢመለከት መልሱን ያገኛል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሀገራችን በተካሄዱት ጦርነቶች የድሮንን ድምፅ የሰሙ፣ ከዚያም በኋላ የሆነውን ያዩ ወገኖች አሉ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ሕፃኑን አቅፋ የተቀመጠች እናት ከጣሪያዋ በላይ የንብ ዓይነት ድምፅ ስትሰማ፣ የሰርግ ናት ወይስ የሞት ናት ብላ የምትለይበት መንገድ የላትም። ድሮኗን የሚያበረው ወጣት ደስ ሲለው፣ ከሥር ያለችው እናት ልጇን ይዛ ከጓሮ ትሸሸጋለች። ከጀሪፍና ከሌሎች የካርቱም ሠፈሮች የተመለሱት ወገኖቻችንም ይህንኑ ፍርሃት ይዘው ነው የመጡት።

የሱዳንም ፍርሃት ገና አልቆመም። ጦር ሠራዊቱ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የካርቱምን ቤተ መንግሥት መልሶ ያዘ። ነገር ግን በዚያው ዓመት ሚያዝያ 26 ቀን ከጦርነቱ ርቃ የቆየችው ፖርት ሱዳን በድሮን ተመታች። በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ደግሞ የካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ ለሀገር ውስጥ በረራ ሊከፈት በተቃረበበት ሰሞን አካባቢው በድሮን ተጠቃ። ሰማይ እንዲህ በሆነበት ዘመን ትንሿን ከትልቋ፣ መጫወቻዋን ከመሣሪያዋ ለመለየት ጊዜ የሚያገኝ ጠባቂ የለም።

በጦር ሰፈር ውስጥና ዙሪያ

ለእኛ ለሠራዊት ቤተሰቦች ደግሞ ጉዳዩ እጥፍ ነው። በጦር ሰፈር አቅራቢያ የምትበር ያልታወቀች ድሮን እንደ ጠላት እንደምትታይ እያንዳንዱ ዘብ ያውቃል። የእኛው ልጅ ከጓሮ ያስነሣት ብትሆንም ዘቡ ይህን ከሥር ሆኖ ሊያውቅ አይችልም። ከላይ የተነሣ አንድ ፎቶ የበሩን አቅጣጫ፣ የመኪናዎችን ብዛት፣ የቤተሰብ መኖሪያው የት እንደሆነ ያሳያል። ልጁ ለጓደኞቹ ላሳይ ብሎ በስልክ ቢለቀው ከዚያ በኋላ የሚመልሰው የለም።

ሌላም አለ። ድሮን ከመቆጣጠሪያዋ ጋር የምትነጋገረው በሬዲዮ ሞገድ ነው፤ በብዛት የምትጠቀመው 2.4 ወይም 5.8 ጊጋኸርዝ የተባለውን ነው። ይህን ሞገድ የሚያዳምጥ መሣሪያ ድሮኗን ብቻ ሳይሆን መቆጣጠሪያውን የያዘውን ሰው ቦታም ሊያገኝ ይችላል። ዲጄአይ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 የራሱን ድሮኖችና አብራሪዎቻቸውን የሚያሳይ መሣሪያ ለጸጥታ አካላት አቅርቦ ነበር። እኔ ተደብቄ ነው የማበረው የሚል ሰው ዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ ስሙን የሚጮህ ሰው ይመስላል።

ስለዚህ አንድ ወታደር ድሮን ለመግዛት ቢያስብ፣ ከሲቪሉ ፈቃድ በፊት ጉዳዩን ለአለቃው ማስታወቅ ይገባዋል። ሚስትም ብትሆን ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ስጦታ ባለቤቷ ሳያውቅ እሺ ብላ አትቀበል። ይህ የሚነገረው ለቁጥጥር ሳይሆን፣ ነገሩ ቢበላሽ የሚጠየቀው እርሱ ስለሆነ ነው።

ከመግዛት በፊት

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ቤተሰብ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች በቡና ሰዓት ተቀምጦ ቢነጋገርባቸው መልካም ነው።

አንደኛ፣ ፈቃድ ይቅደም፤ ግዢ ይከተል። ፈቃዱ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ሳይገኝ ዘመድ ገንዘብ አያውጣ። የገዛ ሰው ዕቃውን ማስያዝ እንጂ ገንዘቡን ማስመለስ ይቸግረዋል።

ሁለተኛ፣ ስለ ምን እንደተፈለገች ይታወቅ። ለአንድ ሰርግ ከሆነ ፈቃድ ያለውን ባለሙያ መቅጠር ከመግዛት ይረክሳል፤ ኃላፊነቱም የእርሱ ይሆናል። ባለሙያውንም ፈቃድህን አሳየኝ ማለት ነውር አይደለም።

ሦስተኛ፣ መብረር ለመማር የሚፈልግ ልጅ ካለ በድሮን አይጀምር። በኮምፒውተር ላይ የሚሠራ የማብረሪያ መለማመጃ አለ፤ እጅና ዓይን ይሠለጥንበታል፣ ቢወድቅም ምንም አይሰበርም፣ ከማንም ጣሪያ በላይ አይበርም። ፈቃዱ በተገኘ ቀን ልጁ የሠለጠነ ሆኖ ይጠብቃል።

አራተኛ፣ ያገለገለች ድሮን ስትቀርብ የቀድሞ ባለቤቷ ለምን እንደሸጣት፣ በቀድሞ ባለቤቷ ስም የተቆለፈች እንዳትሆን፣ ባትሪዋም እንዳላበጠ ይጣራ። ያበጠ ባትሪ እሳት ያነሣል፤ ከቤትም ሊቀመጥ አይገባውም።

አምስተኛ፣ ፈቃድ ተገኝቶ የሚመጣ ሰው ቢኖር ባትሪዎቹን በእጅ ሻንጣው እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አያድርግ። የአየር መንገዶች ደንብ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በጭነት ክፍል እንዲገባ አይፈቅድም፤ ከ100 ዋት ሰዓት በላይ ለሆነው ደግሞ የአየር መንገዱ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ስድስተኛ፣ በፈቃድ የሚያበር ሰውም ጎረቤቱን አስቀድሞ ይንገር። በብዙ ሀገር የመዝናኛ በረራ ጣሪያ 120 ሜትር ነው፤ ከዚያ ከፍታ ወርዶ የሚሰማ ድምፅ ግን ሰላምታ ካልቀደመው ድንጋጤ ነው። ዛሬ ከቀኑ በዚህ ሰዓት እናበራለን፣ የሰርግ ነው፣ አትደንግጡ ማለት ምንም ዋጋ አያስከፍልም።

ለወጣቱ የምንመልሰው

አሁን ወደ ጀሪፉ ወጣታችን እንመለስ። ዘመዱ ልላክልህ ሲለው ምን ይበል? እኛ የምንመክረው አልፈልግም እንዲል አይደለም። ቆይ ይበለው። ገንዘቡን አስቀምጥልኝ፣ እኔ ፈቃዱን ልጠይቅ፣ ሲሰጠኝ ትገዛለህ፣ ካልተሰጠኝ ግን በዚያው ገንዘብ ደህና የእጅ ካሜራ ትልክልኛለህ ይበለው። የእጅ ካሜራ ከሰማይ አያነሣም፤ ነገር ግን የሙሽራይቱን እንባ፣ የአባትየውን ምርቃት በቅርብ ያነሣል። በጀሪፍም እንጀራ ያበላው ይኸው ሙያው ነበር።

ያን ዕለት ጀሪፍ ላይ ድሮኗን ትቶ የወጣው ወጣት ገንዘቡን ቢያጣም የተረዳው ነገር አለ። አንድ ዕቃ የሚያስከፍለው ዋጋ ሱቅ ውስጥ በተጻፈው ቁጥር አያበቃም፤ በኬላ ላይ፣ በጎረቤት ልብ ውስጥ፣ በዘቡ ዓይን ዘንድም ሌላ ዋጋ አለው። ሳሩን ብቻ አይቶ ገደሉን ከሳተው በሬ የሚለየን ሁለቱንም ማየታችን ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ገጽ ካነበባችሁ በኋላ ከባሕር ማዶ ላለው ዘመዳችሁ በስልክ ብትነግሩት ጽሑፋችን ግቡን መታ እንላለን። ሳይገዛ መንገር ከተገዛ በኋላ ከማዘን ይሻላልና። ቸር ይግጠመን።